«ተኝታ ትታከም» ስንል ምን ማለታችን ነው? በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ስለ አልጋ ዕረፍትና ስለ መቅረብ

(ለጤና ሳይንስ ተማሪዎችና መምህራን በቃል የቀረበ የሕዝብ ገለጻ ግልባጭ)



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከአንድ ቃል ይጀምራል። በቋንቋችን ሆስፒታል ገብቶ የሚታከም ሰው «ተኝቶ ታካሚ» ይባላል፤ ከቤቱ እየመጣ የሚታከመው ደግሞ «ተመላላሽ»። ሐኪም አንዲትን ሴት ሆስፒታል እንድትቆይ ሲያዝ «አስተኛት» እንላለን። ቃሉ የተለመደ ስለ ሆነ ማንም አይመረምረውም፤ እኔም አዋላጅ ነርሶችን ሳስተምር ለዓመታት ያለ ጥያቄ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ። እንድመረምረው ያደረገችኝ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች አንዲት እናት ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ በ31ኛው ሳምንት፣ አንድ ሌሊት ያለ ምንም ሕመም ደም ፈሰሰኝ። የአልትራሳውንድ ምርመራው የእንግዴ ልጁ የማህፀኔን በር ሸፍኖ መቀመጡን አሳየ። ስሙን የማልጠቅሰው ሆስፒታል ገባሁ፤ በካርዴም ላይ «ፍጹም የአልጋ ዕረፍት» ተብሎ ተጻፈ። በዚያ አልጋ ላይ 32 ቀን ቆየሁ።

በአጠገቤ የተኛችው እናት ሕመሟ የእኔው ዓይነት ነበር። አራት ልጆቿን ትታ፣ የመንገዱን እኩሌታ በቃሬዛ፣ እኩሌታውን በመኪና ነበር የመጣችው። እርሷም «እንዳትነሺ» ተባለች። ዘጠኝ ቀን ሳትነሣ ተኛች፤ ደሙም ቆመ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ አጨዳ ደርሷል። ባሏ ሊጠይቃት በመጣ ዕለት ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እኅቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ መድኃኒቱ መተኛቱ ከሆነ እኔም ቤቴ መደብ አለኝ። እዚያው ሄጄ ብተኛስ?» አለችኝ። እኔም «የሐኪሞቹን ምክር ስሚ» ከማለት በቀር የመለስኩላት ነገር አልነበረም። ለምን እንደምትቆይ አልነገርኳትም። በማግሥቱ ፈርማ ወጣች። በ11ኛው ቀን ደሟ እየፈሰሰ መልሰው አመጧት። እርሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን አልተረፈም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። የዚያች እናት አሳብ አካሄዱ እንከን አልነበረበትም። መድኃኒቱ መተኛት ከሆነ፣ መደብም አልጋም አንድ ነው። እንከኑ የነበረው እኛ በሰጠናት ቃል ውስጥ ነው። «ተኚ» አልናት፤ ማለት የነበረብን ግን «አትራቂን» ነበር። የዛሬው ገለጻዬ ጠቅላላ አሳብ ይኸው ነው፤ እርግዝናዋ አስጊ የሆነባትን ሴት የሚያድናት መተኛቷ አይደለም፤ መቅረቧ ነው። ይህን ለማስረዳት በቅድሚያ የዕረፍቱ ትእዛዝ ከየት እንደ መጣ፣ ቀጥሎም ምን እንደሚጎዳ፣ በመጨረሻም ስለ መቅረብ የምናውቀውን እናያለን።

የዕረፍት ትእዛዝ ከየት መጣ?

በሕመም ጊዜ ማረፍ ጥንታዊ ምክር ነው። ዕረፍት ራሱን እንደ ቻለ ሕክምና በሰፊው መታዘዝ የጀመረው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ሂልተን በ1863 እ.ኤ.አ. ዕረፍት ለተጎዳ አካል ስለሚሰጠው ጥቅም ዝነኛ የሆነ መጽሐፍ አሳተመ። አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ሲላስ ዊየር ሚቸልም በዋናነት ሴቶችን ለሳምንታት ከአልጋ እንዳይወርዱ የሚያደርግ «የዕረፍት ፈውስ» የተባለ ሥርዓት አስፋፋ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ለልብ ሕመምም፣ ለወገብ ሕመምም፣ ለእርግዝናም የሚታዘዝ መድኃኒት ሆነ።

ጥርጣሬው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ አልጋ ራሱ የአደጋ ምንጭ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች በላንሴት መጽሔት ባወጡት ግምገማ፣ በ15 ዓይነት የሕክምና ሁኔታዎች ላይ የተደረጉ 39 ሙከራዎችን መረመሩ። የአልጋ ዕረፍት ውጤትን በጉልህ ያሻሻለበት አንድም ሙከራ አላገኙም፤ ያባሰባቸው ግን ነበሩ።

በእርግዝና ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ከዚህ አይርቁም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ መንታ ያረገዙ ሴቶች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል ሆስፒታል እንዲተኛ፣ ሌላው በተለመደው ክትትል እንዲቆይ ተደርጎ ነበር። ሆስፒታል መተኛቱ ያለ ጊዜ መውለድን አልቀነሰም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ላለባቸው ሴቶች ጥብቅ የአልጋ ዕረፍት ሆስፒታል ውስጥም ቢሆን እንዳይታዘዝ አሳስቧል።

እኔን የያዘኝን ሕመም በተመለከተ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አነስተኛ ጥናት አለ። የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ሆኖባቸው የደሙ 53 ሴቶች፣ ደሙ ከቆመ በኋላ ከፊሎቹ ሆስፒታል ቆዩ፤ ከፊሎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ይህን ጥናት አንብቦ «እንግዲያው የስሜኗም እናት ቤቷ ትሂድ» የሚል ተማሪ ቢኖር ግን ቆም ብሎ ያስብ። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ ደም በፈሰሰ ጊዜ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መመለስ በሚቻልበት ቦታ «ቤት» ማለትና ከቧሂት ማዶ «ቤት» ማለት አንድ አይደለም። ጥናቱ የሚያስተምረን አልጋው እንደማያድን ነው፤ ርቀት እንደማይገድል አይደለም።

አልጋው የሚያስከፍለው ዋጋ

«ባይጠቅምስ ምን ይጎዳል?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። ይጎዳል። በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው ይልቅ ለመርጋት የተዘጋጀ ነው፤ ይህም ተፈጥሮ በወሊድ ጊዜ ለሚፈሰው ደም ያደረገችው ዝግጅት ነው። እንዲህ ያለች ሴት ለሳምንታት ሳትንቀሳቀስ ስትቀር በእግሯ ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋቱ ዕድል ይጨምራል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል። ጡንቻ ይሟሽሻል፤ አጥንት ይሳሳል። እኔ ራሴ ከወለድኩ በኋላ የሆስፒታሉን ደረጃ ለመውረድ የሰው ትከሻ ያስፈልገኝ ነበር።

ከዚህ ሌላ በካርድ ላይ የማይጻፍ ዋጋ አለ። ሴትዮዋ ጣራ እያየች ስትውል አሳቧ ቤቷ ነው፦ ልጆቹን ማን አበላቸው? ከብቱን ማን አጠጣው? እህሉን ማን አነሣው? አልጋው ነጻ ቢሆን እንኳ ቤቷ ይከፍላል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዋጋ የምትከፍልበት ምክንያት ካልተነገራት፣ ደሙ በቆመ ማግሥት ተነሥታ ብትሄድ ምን ይደንቃል?

አንድ ነገር ግን በግልጽ መለየት ይገባል። የገጠር ሴት እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ጀሪካን ውሃ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፤ እንጨት ትለቅማለች። ይህን ሸክም ከጫንቃዋ ማውረድ ተገቢ ነው። ሸክም ማውረድና ሴትን ከአልጋ ጋር ማሰር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ርኅራኄ ነው፤ ሁለተኛው ልማድ ነው።

ሰዓቱና መንገዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዴቦራ ሜይን የተባሉት ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ እስከ ዛሬም በትምህርት ቤቶች የሚሰጥ አንድ ግምት አለ። ሕክምና ካልተገኘ ከችግሩ መነሻ እስከ ሞት ያለው አማካይ ጊዜ ለእያንዳንዱ ችግር ይለያያል። ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም 2 ሰዓት ነው። ከወሊድ በፊት ለሚፈስ ደም 12 ሰዓት ነው። ማህፀን ሲተረተር 1 ቀን፣ በኤክላምፕሲያ መንቀጥቀጥ 2 ቀን፣ ምጥ ሲታገድ 3 ቀን፣ በማህፀን ቁስለት 6 ቀን ነው።

እነዚህን ቁጥሮች በሥነ አካል እንረዳቸው። በእርግዝና መጨረሻ በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ወደ ማህፀን ይሄዳል። የአንድ ሴት ጠቅላላ ደም ደግሞ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ሊትር ነው። የእንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ሲሸፍንና በሩ መከፈት ሲጀምር የሚከፈተው ይህ ወንዝ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን በመንገዱ አጠገብ አኑሯቸው። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ጃን አሞራ የሚሄደው መንገድ ሳንቃበርንና ጨነቅን አልፎ በቧሂት ትከሻ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ያልፋል። መኪና እስከሚያልፍበት መንገድ ድረስ ደግሞ ገደል የሚዞሩ የእግር መንገዶች አሉ። ከደባርቅ እስከ ጎንደርም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቃሬዛ ታስሮ፣ ሸካሚ እየተቀያየረ ሲወርድ፣ ሁለቱ ሰዓት ከግማሽ መንገድ በፊት ያልቃል። ሜይን ከሴሪን ታዴዎስ ጋር በ1994 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድሉትን ሦስት መዘግየቶች ለይተዋል፦ ለመሄድ በመወሰን፣ ጤና ተቋም በመድረስ፣ ከደረሱ በኋላም ሕክምና በማግኘት። በስሜን ተራራ ግርጌና ጫፍ ሁለተኛው መዘግየት በመቅረብ እንጂ በመፍጠን ብቻ አይሸነፍም።

ስለዚህ ሆስፒታል የምናቆያት እናት በምን አጠገብ እንድትሆን ነው የምንፈልገው? በአራት ነገሮች አጠገብ ነው። አንደኛው፣ በማንኛውም ሰዓት የሚከፈት የቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ሁለተኛው፣ ከደሟ ጋር የሚስማማ የተዘጋጀ ደም ነው። ሦስተኛው፣ መድኃኒት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው፣ በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት የኤክላምፕሲያን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ያለ ጊዜያቸው ሊወለዱ ለተቃረቡ ሕፃናት ደግሞ፣ በአምስት የእስያና የአፍሪካ አገሮች የተደረገና ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለእናቲቱ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የጨቅላ ሕፃናትን ሞት እንደሚቀንስ አረጋግጧል። አራተኛው፣ የደም ግፊቷን የሚለካ፣ የፅንሱን የልብ ምት የሚያዳምጥ፣ ምልክቱ ሲለወጥ የሚያውቅ የሠለጠነ ሰው ነው። ከአራቱ አንዱም አልጋ አይደለም።

የማቆያ ቤት አሳብ

መቅረብን ያለ አልጋ መስጠት ይቻላል። በጉራጌ አገር የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ሲያደርግ ኖሯል። አስጊ እርግዝና ያላቸው እናቶች በግቢው ውስጥ በተሠራ ቤት ተቀምጠው፣ እየተንቀሳቀሱና ለራሳቸው እያበሰሉ የመውለጃቸውን ቀን ይጠብቃሉ። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ተጠንቶ በ2010 ታትሟል። በማቆያው በኩል ከመጡት 6,805 እናቶች መካከል የነበረው የሞት ምጣኔ በ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 90 ገደማ ነበር፤ በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት መካከል ግን 1,333። ሞቶ የመወለድ ምጣኔም ከ1,000 ወሊድ በመጀመሪያዎቹ 17.6፣ በሁለተኛዎቹ 191.2 ነበር።

ተማሪዎች እዚህ ላይ ሊጠይቁኝ ይገባል፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጡ ቤት ውስጥ ከታገደባቸው በኋላ የመጡ አይደሉምን? አዎ፣ ናቸው። ጥናቱ በዕጣ የተከፈለ ስላልሆነ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው ቤት መስጠት አይቻልም። ነገር ግን «ከታገደባቸው በኋላ የመጡ» ማለት ምን ማለት ነው? ርቀው የነበሩ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ ጤና ተቋም ለሚርቃቸው እናቶች በተቋማት አጠገብ ማቆያ ቤት እንዲቋቋም ደግፏል።

ቤት መሥራት ብቻውን እንደማይበቃም እናውቃለን። በጅማ ዞን በተደረገና ውጤቱ በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ማቆያ ቤቶችን ማሻሻልና የአካባቢ መሪዎችን ማሠልጠን በጤና ተቋም የሚወልዱትን እናቶች ቁጥር በጉልህ አልጨመረም። ይህ ውጤት ተስፋ ሊያስቆርጠን አይገባም፤ ጥያቄውን እንድናስተካክል ግን ያስገድደናል። ቤቱ ተሠራ፤ ስንቁስ? ማገዶውስ? ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝ ማነው? ባልና አማት ተስማምተዋልን? በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለወላዶች ገንፎ መገንፋትና ቡና ማፍላት የተጀመረው በከንቱ አይደለም፤ እናቲቱ ከቤቷ ወጥታም ከወጓ እንዳትወጣ ነው።

አገራችን ባለፉት ሁለት ዐሥርተ ዓመታት ረጅም መንገድ ተጉዛለች። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. በጤና ተቋም የሚወለዱት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26፣ በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። የእናቶች ሞት ግምትም በ2000 ከነበረበት 871 በ2016 ወደ 412 ወርዷል። በዚሁ ዞን በዳባት፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የጥናት ማዕከል አለው። ከእናንተ መካከል የምርምር ርእስ የሚፈልግ ካለ አንድ ጥያቄ ላቀብለው፦ ሆስፒታል እንዲቆዩ ታዝዘው ሳይወልዱ ፈርመው የሚወጡ እናቶች ለምን እንደሚቆዩ ተነግሯቸው ነበርን?

ታዲያ ምን እንበል?

ነገ በክፍል ውስጥ ዙርያ ስትወጡ ለአንዲት እናት ምን እንደምትሉ ልንገራችሁና ልፈጽም። በቅድሚያ የምትጠብቀውን ነገር ንገሯት፦ «እናቴ፣ የእንግዴ ልጁ በሩ ላይ ነው ያለው፤ ደሙ ቢቆምም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ሲመጣ በደቂቃዎች ውስጥ እንድንደርስልሽ ነው እዚህ የምትቆዪው» በሏት። ቀጥሎ የተፈቀደላትን ንገሯት፦ ትነሣ፣ ትታጠብ፣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ትሙቅ፣ ከጓደኞቿ ጋር ትጫወት። በመጨረሻም ጠይቋት፦ «ቤትሽ ማን አለ? እዚህ ለመቆየት ምን ቸገረሽ?» መልሷን ጻፉት፤ የደም ግፊቷን ያህል ከሕክምናዋ ጋር የተያያዘ ነውና። ባሏ ሲመጣም ይህንኑ ለእርሱ ድገሙለት፤ ስንቅ የሚያመጣው፣ ልጆቹንም ለዘመድ አደራ የሚለው እርሱ ነው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት አበው ስለ እሳት ብቻ አልተናገሩም። ማቆያ ቤት ቅጠሉ ነው። «ፍጹም የአልጋ ዕረፍት» የሚለው ጽሑፍ ግን ቅጠል ይመስላል እንጂ ቅጠል አይደለም።

ልጄ በ36ኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ተወለደ፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ገብቷል። እኔን ያዳነኝ 32 ቀን መተኛቴ አልነበረም። ደሜ ዳግመኛ በፈሰሰ ሌሊት የቀዶ ሕክምናው ክፍል ከአልጋዬ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቅ ስለ ነበር ነው። ያቺ እናት በመደቧ ላይ ከእኔ ባላነሰ ጥንቃቄ ተኝታ ነበር፤ ስትመለስ ራሷ ነግራኛለች። «እንዳላችሁኝ አልተነሣሁም» ነበር ያለችን።

እርሷ ትእዛዛችንን ፈጽማለች። ትእዛዙን የማረም ዕዳ የእኛ ነው።